መኪናው ድምፅ አመጣ ሲሏችሁ

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ መኪና ሞተር ድምፅ እንነጋገራለን። «አባታችን፣ እኛ በሰው ቤት የምንሠራ፣ መሪ ጨብጠን የማናውቅ ሴቶች ከሞተር ጋር ምን አገናኘን?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ከመካከላችሁ ለወንድማችሁ፣ ለባላችሁ ወይም ለአባታችሁ ገንዘብ ልካችሁ ሚኒባስ፣ ቪትስ ወይም ኮሮላ ያስገዛችሁ አላችሁ። መኪናው አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ ይሠራል፤ የተገዛው ግን እናንተ ሌሊት ተነሥታችሁ ባጠባችሁት ወለል፣ በተኮሳችሁት ልብስ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ነገር የእናንተም ነገር ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ስልኩ ይጮኻል። «እታለም፣ መኪናው ድምፅ አመጣ። መካኒኩ ሞተሩ መውረድ አለበት ብሏል። ቆሞ ነው ያለው፤ ቶሎ ገንዘብ ላኪ» ይላል ወንድም። የሚጠየቀው ገንዘብ የሦስት ወይም የአራት ወር ደሞዝ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ አንዷ እኅት ደንግጣ ያላትን ሁሉ፣ የሌላትንም ተበድራ ትልካለች። ሌላዋ ደግሞ «ውሸትህን ነው፤ ገንዘቤን ልትበላ ነው» ብላ ስልኩን ትዘጋለች። የመጀመሪያዪቱ ምናልባት በአንድ ቺንጋ ዋጋ ይድን ለነበረ ሞተር ሙሉ ዕድሳት ትከፍላለች። ሁለተኛዪቱ ደግሞ ወንድሟ እውነቱን ከሆነ በጥቂት ገንዘብ ይድን የነበረው ሞተር እስኪነክስ ድረስ ታዘገያለች፤ ወንድሟንም ታጣለች። ከሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ጠይቆ መረዳት ነው።

ይህን ማወቅ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ቀድሞው በቀላሉ በሌላ የሚተካ አይደለም፤ ሞተሩም ሊጠበቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ልትይዙት የሚገባችሁ ነገር ድምፅ ምልክት እንጂ በሽታ አለመሆኑን ነው። በዜማ ቤት ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ «ዜማህ ተበላሽቷል» ብሎ አይተወውም። በየትኛው ቃል ላይ፣ በየትኛው ምልክት ላይ እንደ ሳተ ለይቶ ያንኑ ያስደግመዋል እንጂ። መኪናም እንዲሁ ነው። «ድምፅ አመጣ» ማለት ገና ምንም አለማለት ነው። ድምፁ ከየት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ምት፣ ከምንስ ጋር እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ሲታወቅ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

አንደኛው ጥያቄ፦ «መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ አለ ወይ?» የሚል ነው። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ነፃ ላይ ሆኖ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ ምንጩ ሞተሩ ወይም ከሞተሩ ጋር የሚዞር ነገር ነው። ሲቆም ጠፍቶ ሲሄድ ብቻ የሚሰማ፣ ከጎማው ፍጥነት ጋርም የሚጨምር ከሆነ ግን የጎማ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራ ወይም ሌላ የእግር ዕቃ ሊሆን ስለሚችል ሞተር ለማውረድ ምክንያት አይሆንም። ፍሪሲዮን የሚረገጥ መኪና ከሆነ ደግሞ ሌላ አንድ ነገር ጠይቁ። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ የሚመጣ ድምፅ ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ቆሞ ሳለ የነበረው ድምፅ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነም ካምቢዮው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ሁለቱም ከውጭ ለሚሰማው ሰው የሞተር ድምፅ ይመስላሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ «ጠዋት በብርዱ ነው የሚብሰው ወይስ ሞተሩ ሲሞቅ?» የሚል ነው። ይህ ታላቅ መለያ ነው። ሞተር ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ «ጢቅ ጢቅ» ብሎ ዝም ቢል ብዙ አያስደነግጥም። ፒስተን ከቤቱ ሲላላ በብርዱ ይመታል፤ ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ግን ድምፁ ይቀንሳል። በማርሚታ በኩል ጭስ የሚያፈስ መጋጠሚያም በብርዱ «ጢቅ ጢቅ» ብሎ ሲሞቅ ሊጠፋ ይችላል። ከሞቀ በኋላ የሚብስ ከባድ ማንኳኳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥን የተበላ ብሮንዚና ያን ጊዜ ይጋለጣልና።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ «ድምፁ ምን ይመስላል?» የሚል ነው። ወንድማችሁ በአፉ አስመስሎ ይንገራችሁ፤ አትሣቁበት። የታወቁትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሲጥጥጥ» ብሎ የሚጮኽ፣ በተለይ ሞተሩ ሲነሣ፣ መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ወይም ኤሲ ሲከፈት የሚሰማ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከውጭ ያለችው ቺንጋ ናት። ደርቃለች፣ ላልታለች ወይም ዘይት ነክቷታል። መካኒኩ ቺንጋዋ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ ቢያደርግባትና ድምፁ ወዲያው ቢለወጥ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ከጥገናዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

«ጉርርር» ወይም «ዊይይ» የሚል፣ ከሞተሩ ጋር የሚጨምር ድምፅ ቺንጋዋ ከምታዞራቸው ዕቃዎች የአንዱ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። እነርሱም ዲናሞ፣ የውኃ ፖምፓ፣ የመሪ ፖምፓ፣ የኤሲ ኮምፕሬሰር ናቸው። መካኒኩ ቺንጋዋን አውልቆ ሞተሩን ለአፍታ ብቻ ሲያስነሣው ድምፁ ከጠፋ ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከዕቃዎቹ በአንዱ ነው። በብዙ መኪና የውኃ ፖምፓው በዚያች ቺንጋ ስለሚዞር ያለ እርሷ ሞተሩን ማቆየት አይገባም። ልምድ ያለው መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ ይይዝና ጫፉን ከየዕቃው አካል ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር አድርጎ የትኛው እንደሚጮኽ ይለያል።

«ጢቅ ጢቅ» የሚል ቀላልና ፈጣን ድምፅ ከሞተሩ ራስ፣ ማለትም ከቴስታታው በኩል ከተሰማ ቫልቮላው ወይም ፑንቴሪያው ነው። በአብዛኛው ሞተር ክራንክ ሻፍት የተባለው ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቮላ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታል። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር አንዱ ቫልቮላ 400 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ስለዚህ የቫልቮላ ምት ከታችኛው ምት በግማሽ ይዘገያል፤ ለመደ ጆሮም ይለያል። ምክንያቱ የዘይት ማነስ ወይም የክፍተት መላላት ሊሆን ይችላል። ዘይት መሙላት ወይም ክፍተቱን ማስተካከል ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

«ካሽ ካሽ» ብሎ በካቴና የሚሠራ ሞተር ሲነሣ ከፊት ለፊቱ ከጮኸ ካቴናው ረዝሟል ወይም መወጠሪያው ደክሟል። ይህ ለዛሬ ባይገድልም የሚዘገይ ነገር አይደለም፤ ካቴናው ከዘለለ ቫልቮላና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉና።

ዳገት ላይ ነዳጅ ሲጫንበት እንደ ትንንሽ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ «ቃጭ ቃጭ» የሚል ድምፅ ደግሞ ነዳጁ ያለ ጊዜው ሲነድ የሚመጣ ነው። ደካማ ቤንዚን፣ የሞተር ከመጠን በላይ መሞቅ፣ የጥላሸት መጠራቀም ወይም የተዛባ ማቀጣጠያ ያመጣዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሯ ስስ ነው። በዚያ ዝም ያለ ሞተር ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ ሊያቃጭል ይችላል፤ አየሩ ጠንከር፣ ሙቀቱም ከፍ ስለሚል። ይህን ችላ ብሎ መጫን ፒስተንን ይበሳል።

የመጨረሻውና አስፈሪው «ዷ ዷ ዷ» የሚል ከባድ፣ ከሞተሩ ሆድ በታች የሚወጣ፣ ሲሞቅና ሲጫን የሚብስ ድምፅ ነው። ቢየላ ከክራንክ ሻፍት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ብሮንዚና ሲበላ እንዲህ ይመታል። ይህ እውነት ከሆነ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። የናፍጣ ሞተር ግን በተፈጥሮው የሚያንኳኳ መሆኑን አስታውሱ። አንድ የተበላሸ ኖዝልም ልክ ቢየላ እንደ መታ አድርጎ ሊያስጮኽ ይችላል።

አራተኛው ጥያቄ፦ «የዘይቱ መብራት በርቷል ወይ? ሙቀቱስ?» የሚል ነው። እንዲያውም ስልኩን እንዳነሣችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ይህን ነው። ሞተሩ እየሠራ ቀይዋ የዘይት ቆርቆሮ ምልክት ከበራች፣ ወይም የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ከወጣ፣ ወይም ያ ከባድ «ዷ ዷ» ከተሰማ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ «ዳር ያዝና አጥፋው፤ ወደ ጋራዥ አስጎትተው» በሉት። «እስከ ቤት ልድረስ» ማለት አይገባም። ብሮንዚና ብቻ ይቀየርለት የነበረ ሞተር በዚያች አጭር መንገድ ክራንክ ሻፍቱን ያበላሻል፤ ከዚያም አልፎ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን አካል ሊቀድ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ለሌሎቹ ድምፆች ግን ለመመርመር ጊዜ አላችሁ፤ በአንድ ስልክ መቻኮል አያስፈልግም።

ቀጥሎ ዘይቱን ያሳያችሁ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ መለኪያውን አውጥቶ ይጥረግ፤ እንደገና ከትቶ ያውጣና ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። በብዙ መኪኖች በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሌላ ነገር ሳይነካ ዘይቱ ይሞላና ድምፁ እንደገና ይሰማ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይመርመር፤ ሞተሩም አይነሣ።

ድምፁን በጆሯችሁ ለመስማት ከፈለጋችሁ በስልክ ጥሪ አትሞክሩ። ስልክ የሰው ቃል እንዲሰማ ሲል የዙሪያውን ድምፅ ያጠፋዋል፤ የሞተሩንም ምት አብሮ ይቆርጠዋል። በቪዲዮ ቀርጾ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ይላክላችሁ። ሦስት ቅጂ ይበቃል፦ አንዱ ጠዋት ሞተሩ ከብርድ ሲነሣ፣ ሁለተኛው ሞቆ ዝም ብሎ ሲዞር፣ ሦስተኛው ሞቆ ነዳጅ ቀስ እያለ ሲሰጠው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ይሁን። ከባዱ «ዷ ዷ» ወይም የዘይቱ መብራት ያለበት ሞተር ግን ለቅጂ ተብሎ አይነሣ። ኮፈኑን ከፍቶ ሲቀርጽም ነጠላ፣ ክራቫት ወይም ረጅም እጅጌ ወደ ቺንጋውና ወደ ማራገቢያው እንዳይቀርብ አስጠንቅቁት። ይህን ቅጂ ለሌላ መካኒክ ማሰማት ይቻላል። እናንተ ባትለዩት እንኳ ቅጂው መኖሩ ብቻ ነገሩን ያጠራዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። መካኒኩ «ሞተር ይውረድ» ካለ «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሞተር ሳይወርድ የሚደረጉ ሦስት ምርመራዎች አሉ።

የመጀመሪያው፣ የቤንዚን ሞተር ከሆነ የአንዱን ሲሊንደር ካንዴላ እሳት በየተራ ማቋረጥ ነው። የናፍጣ ከሆነ ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን ቧንቧ በየተራ ማላላት ነው። ይህን መካኒክ ብቻ ያድርገው፤ እሳቱ ሰው ይመታል፣ የናፍጣውም ግፊት ቆዳ ይቀድዳል። አንዱ ሲሊንደር ሲቋረጥ ማንኳኳቱ ከቀነሰ ጥፋቱ በዚያው ሲሊንደር ነው። በናፍጣ ከሆነ ግን ቢየላ ከመባሉ በፊት ኖዝሉ ይፈተሽ። ሁሉም በየተራ ተቋርጦ ምንም ለውጥ ከሌለ ምንጩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል የሞተሩ መቀመጫ ጎማ፣ የላላ የማርሚታ መከለያ ቆርቆሮ፣ ኮምፕሬሰሩም ይታዩ። የላላ ቆርቆሮ ብዙ ሰው አስደንግጧል።

ሁለተኛው፣ የዘይት ግፊቱን በመለኪያ መለካት ነው። ብሮንዚና ሲበላ ክፍተቱ ስለሚሰፋ የዘይቱ ግፊት፣ በተለይ ሞተሩ ሞቆ ዝም ብሎ ሲዞር፣ ይወርዳል። ሦስተኛው፣ ዘይቱን ማፍሰስና ፊልትሮውን ቀዶ ማየት ነው። የሚያብለጨልጭ የብረት ስባሪ ከተገኘ ውስጡ እየተበላ ነው። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ከብረት ክፍል የመጣ ነው፤ ማግኔት የማይስበው ከሆነ ብሮንዚናው ይጠረጠራል። እነዚህ ሦስቱ ተደርገው ውጤታቸው አንድ ከሆነ ሳትጠራጠሩ ላኩ።

ሞተሩ ከወረደም በኋላ የወጣው ዕቃ ይታይ። የብሮንዚናው ፊት ግራጫና ለስላሳ ሆኖ መታየት አለበት። ተፍቆ መስመር ካወጣ፣ በብዙዎቹም ከሥሩ የመዳብ መልክ ከታየ በእርግጥ ተበልቷል። «የድሮው ዕቃ ይቀመጥልኝ፤ ፎቶውንም ላክልኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዋጋውም በወረቀት፣ የመለዋወጫው ለብቻ፣ የእጁ ለብቻ ተጽፎ ይምጣ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትላኩ። መጀመሪያ የምርመራውን፣ ቀጥሎ የመለዋወጫውን፣ በመጨረሻ ሥራው አልቆ ሞተሩ ሲነሣ የእጁን ላኩ። ሐቀኛ መካኒክ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። አደጋ ሁሉ ድምፅ የለውም። በውስጥ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ ከመበጠሱ በፊት ብዙ ጊዜ ምንም አይናገርም፤ ሲበጠስ ግን በብዙ ሞተሮች ቫልቮላውን ከፒስተን ጋር ያጋጨዋል። ጊዜው የሚታወቀው በኪሎ ሜትር ነው፤ በብዙ መኪኖች ወደ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲደርስ ይቀየራል። በካቴና የሚሠሩ መኪኖች፣ ለምሳሌ አብዛኞቹ ቪትሶች፣ ይህ ቺንጋ የላቸውም፤ እነርሱ ደግሞ ዘይታቸው በጊዜው እንዲቀየር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ድምፅ እስኪሰማ አትጠብቁ። ወንድማችሁ አንድ ደብተር ይያዝ፤ ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ ቺንጋ የተቀየረበትን ይጻፍ፤ በየወሩም የዳሽቦርዱን ፎቶ ይላክላችሁ። የዘይት ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በመጨረሻ ስለ አነጋገራችሁ። ከሩቅ የሚጠየቅ ጥያቄ ክስ ሊመስል ይችላል። በዚያኛው ጫፍ ያለው ወንድም መኪናው ከቆመ ዕለት ጀምሮ የዕለት ገቢው ተቋርጧል፤ እርሱም ተጨንቋል። ስለዚህ «ልታታልለኝ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አብረን እናገኘዋለን፤ እስቲ ልጠይቅህ፣ ድምፁ ጠዋት ነው ወይስ ሲሞቅ?» ብላችሁ ጀምሩ። እውነተኛ ከሆነ ስለ ገባችሁለት ደስ ይለዋል፤ ለመካኒኩም በእናንተ ጥያቄ ይበረታበታል። እውነተኛ ካልሆነ ደግሞ አራተኛው ጥያቄ ላይ ሳይደርስ ራሱ ይታወቃል። በሁለቱም መንገድ ገንዘባችሁ ከእጃችሁ ሳይወጣ ነገሩ ይገለጣል።

የዚያ መኪና ሞተር የእናንተን ዕድሜ ይዞ ይዞራል። ጥያቄዎቹን በትንሽ ወረቀት ጻፏቸውና በቦርሳችሁ አኑሯቸው፤ ለጓደኛችሁም ቅጂ ስጡ። እስከሚቀጥለው ወር በሰላም ቆዩ፤ በቸር ይግጠመን።